የደጋ አጋዘን ደረትና የአዳኝ ኢላማ

ቅርጫ ላይ ቆሞ በሬ ሲበለት ያየ ሰው የደረትን አሠራር ግማሹን ያውቃል። ፍሪምባው ከታች፣ ጎድኑ ከጎን፣ ወርቹ ከፊት። ልብና ሳንባ እዚያው መሃል ተሸጉጠዋል። የደጋ አጋዘንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ችግሩ እሱ ቆሞ ነው የሚታየው፣ ያውም በጭጋግና በአስታ ቁጥቋጦ መሃል።

እንስሳው ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ በባሌና በአርሲ ከፍታዎች ይኖራል። ዛሬ ኪስ ውስጥ የማይገኘው 10 ሳንቲም ላይ ያለው ባለ ጠምዛዛ ቀንድ እሱ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ቁጥሩ ተመናምኗል። በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ አይታደንም። አደን የሚፈቀደው በፈቃድ፣ ለዚሁ በተከለሉ ቀጣናዎች፣ ለዚያውም ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻ ነው።

ልቡ ብዙ ሰው ከሚገምተው ዝቅ ይላል፤ ከፍሪምባው ከፍ ብሎ፣ በፊት እግሮቹ መሃል ነው። ሳንባው ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ ነገሩ የገባው አዳኝ ልብን አያሳድድም። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዞ በዓይኑ ሽቅብ ይወጣል። ከግርጌ ተነስቶ የደረቱ ቁመት ሲሶ ላይ ሲደርስ ያነጣጥራል። ጥይቱ ትንሽ ዝቅ ቢል ልብ ያገኛል፣ ከፍ ቢል ሳንባ።

ብዙ ከፍ ካለ ግን ጉድ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጋማ ዓይን ያታልላል። አከርካሪው ትከሻው ጋ ወደ ውስጥ ጠልቋል፤ ከላዩ ያለው ረጅም የአጥንት ዘንግና ሥጋ ነው። እዚያ የተመታ እንስሳ ዘጭ ብሎ ይወድቃል። አዳኙ ጣልኩት ብሎ ሲጨባበጥ ተነስቶ ይሄዳል።

ፊቱን አዙሮ በሰያፍ ሲቆም ደግሞ የሚታሰበው ጥይቱ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ በወዲያኛው ጎን ያለው የፊት እግር። ከፊት ለፊት ከሆነ ኢላማው ጠባብ ስለሆነ ዞር እስኪል መታገስ ይሻላል።

ከተኩሱ በኋላ ሳር ላይ የቀረው ደም ይናገራል። ሮዝና አረፋማ ከሆነ ሳንባ ነው፤ መቶ ሜትር ቢሮጥም ሩቅ አይሄድም። ደሙ ጠቁሮ ፈርስ ከተቀላቀለበት ጨጓራ ተመቷል። ያኔ ወዲያው መከተል የለም፣ ሰዓታት ይጠበቃል። ካባረሩት ጥሻው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የሚያገኘው ጅብ ነው።