ጥርስ ማስነቀልና ማገገም በመሐል አዲስ አበባ

ጥርስ መንቀል ሊድን የማይችልን ጥርስ ከመንጋጭላ አጥንት ነጥሎ የማውጣት ሕክምና ሲሆን፣ በመሐል አዲስ አበባ በመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲሁም በአራት ኪሎ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮና በአካባቢያቸው ባሉ የግል የጥርስ ክሊኒኮች ይሰጣል። ቀላሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ የመጨረሻ መንጋጋ ግን ድድ መሰንጠቅና አጥንት መሞረድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ታካሚው የአፍና የመንጋጭላ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ተቋም ሊላክ ይችላል።

ለመነቀል ከሚያበቁ ምክንያቶች ዋናዎቹ ነርቩ ድረስ የዘለቀ መቦርቦር፣ ጥርሱን ያላላ የድድ በሽታና ስብራት ናቸው። የተቦረቦረ ጥርስ ብዙ ጊዜ በሥር ሕክምና (የጥርሱን ሥር ውስጡን አጽድቶ በመሙላት) ሊተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ሕክምና ከመንቀል የበለጠ ወጪና አንዳንዴም ተደጋጋሚ ቀጠሮ ስላለው ብዙዎች «ይነቀልልኝና ልረፍ» ይላሉ። ሕመሙ እንቅልፍ እስኪነሳ ድረስ በቤት ውስጥ የሚሞከረው ነገርም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። አረቄ መያዝም ሆነ አስፕሪን ጥርሱ ላይ ማስቀመጥ ድድን ያቃጥላል፤ ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ አሞክሲሲሊንም የተቆጣ ነርቭን አያድንም።

ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት ራጅ ያያል፤ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ እርግዝናና ስለሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይጠይቃል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ይህን መደበቅ የለባቸውም። እነዚህ ታካሚዎች አስቀድመው የደም መርጋት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚዋጥ አንቲባዮቲክም ይታዘዝላቸዋል። ዋርፋሪኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከጥርሱ የባሰ አደጋ አለው። የሚደነዝዘው አፍ ብቻ ከሆነ በባዶ ሆድ መምጣት ራስ መሳትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩም ሆኑ በረመዳን የሚጾሙ ሰዎች ቀጠሯቸውን ከዚህ ጋር ቢያገናዝቡ ይመረጣል።

ማደንዘዣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊዶካይን፣ ሕመምን እንጂ የመገፋት ስሜትን አያጠፋም። ሐኪሙ ጥርሱን በጉጠት ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ዙሪያው ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ በዚህ ጊዜ ታካሚው ጆሮው ድረስ የሚሰማ የመሰንጠቅ ድምፅ ሊሰማው ይችላል፣ ይህም የሚያስደነግጥ አይደለም። ጥርሱ ሲወጣ የታጠፈ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ቀዳዳው ላይ ይደረግና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርጎ መንከስ ያስፈልጋል። ጎዙን ነክሶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ አፉን ባይከፍት ስለሚሻል፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።

ማገገሙ በሙሉ የሚመሠረተው ቀዳዳው ውስጥ በሚረጋው ደም ላይ ነው። ይህ የረጋ ደም ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አፍን መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መምጠጥና ቁስሉን በምላስ መነካካት ክልክል ነው። ሲጋራና ጫት ቢያንስ ለጥቂት ቀናት መቅረት አለባቸው። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ቡና ሲፈላ ትኩሱን ስኒ እምቢ ማለት ለብዙዎች የሚከብድ ቢሆንም፣ ትኩስ ነገር የረጋውን ደም ሊያሟሟውና መድማቱን ሊመልሰው ይችላል። ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በርበሬ የሌለው ሾርባና በማንኪያ የሚበላ የአቮካዶ ጭማቂ ይስማማሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ፣ ሳይገፉ ጭንቅላትን በማዘንበል ብቻ አፍን ማጠብ ይቻላል። መፋቂያም ሆነ ብሩሽ በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ይቀጥላል፤ ቁስሉን ግን አይነካም። ሁለት ትራስ ደርቦ መተኛትና በመጀመሪያው ቀን ጉንጭ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ እብጠቱን ይቀንሳል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጎልቶ ከዚያ ይቀንሳል። በቀዳዳው ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ቢጫ ሽፋንም የመዳን ምልክት እንጂ መግል ስላልሆነ መፋቅ የለበትም።

ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከበረታ፣ ወደ ጆሮ ከዘለቀና አፍ ከሸተተ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጧል ማለት ነው። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል፤ በታችኛው መንጋጋና በአጫሾች ላይ ይበዛል። ሕክምናው ቀዳዳውን አጥቦ ማስታገሻ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ከማስታገሻዎቹ አንዱ ከቅርንፉድ የሚገኘው ዩጂኖል ነው፤ የጥርስ ክሊኒኮች ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸቱትም በዚሁ ነው። አያቶቻችን ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ የሚይዙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጎዝ ተነክሶም የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ አለመቻልና ከአገጭ ሥር የሚሰፋ እብጠት ግን በቤት የሚጠበቁ አይደሉም። እብጠቱ የአየር መንገድን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን በቸርችል ጎዳና እንደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

ድዱ በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፤ አጥንቱ ግን ወራት ይፈጅበታል፣ በዚያው ልክም እየሳሳ ይሄዳል። ቦታው ክፍት ከቀረ ጎረቤት ጥርሶች ሊያዘነብሉና ከላይ ወይም ከታች ያለው ተጓዳኝ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ብሪጅ (ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ቋሚ ጥርስ) ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን ከመነቀሉ በፊት ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገርበት ይበጀዋል፤ ኢምፕላንት ብዙ ጊዜ ከነቀላው በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር መጠበቅን ይጠይቃል።