የርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር እንጨት፦ የሚባለውና እውነታው

በአነስተኛ ገንዘብ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚገዛ ሰው ከብራንዱ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ቦዲው (የጊታሩ ገላ) ምን እንጨት ነው?» ብሎ ነው። መጠየቁ አይከፋም፤ ችግሩ ከመልሱ የሚጠበቀው ነገር ነው።

«ድምፁ የሚወጣው ከእንጨቱ ነው»

ክራር ቢሆን ያስኬድ ነበር። ክራር ላይ ክሩ ሲመታ የተወጠረው ቆዳ አብሮ ይርገበገባል፤ ጆሯችን የሚሰማውም እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያ፣ ፒክአፕ፣ ግን ማግኔትና ዙሪያውን የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የሚያነበው የብረት ክሩን እንቅስቃሴ ነው። ቦዲው በብሪጁ (ክሩ ቦዲው ላይ በሚያርፍበት ብረት) እና በኔኩ (በረጅሙ አንገት) በኩል ከክሩ ጉልበት ጥቂት ይወስድ ይሆናል፤ ያ ግን ፒክአፑን በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ከማድረግ የባሰ ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ ድምፁ ከታፈነ መጀመሪያ የፒክአፑን ከፍታ ለማስተካከል ካቻቢቴ ያንሱ። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት (ኔኩ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች በአንዱ) ላይ ተጭነው ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ ማግኔት ጫፍ ይለኩ። ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ) በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ወፍራሙ ክር ላይ ደግሞ ቅኝቱ ይዛባል።

«ባስዉድና ፖፕላር የማይረቡ እንጨቶች ናቸው»

ርካሽ የሆኑት በቀላሉ ስለሚገኙና ለማሽን ስለሚመቹ ነው። ጊታር አምራቹ አይባኔዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ለጊታሪስቱ ስቲቭ ቫይ የሠራው ጄም 777 ጊታር ቦዲው ባስዉድ ነበር፤ ርካሽ ጊታር ደግሞ አልነበረም። ዳንኤሌክትሮ በ1950ዎቹ የሠራቸው ጊታሮች ፊትና ጀርባቸው ሜሶናይት፣ ማለትም የተጨመቀ የእንጨት ጭረት ነው። ዛሬም ፈላጊያቸው ብዙ ነው።

«እንግዲያው እንጨቱ ለምንም አይጠቅምም»

ይሄኛው የባሰ ስሕተት ነው፤ ጉዳዩ ድምፅ ሳይሆን ክብደትና ጥንካሬ ነው። ደረቅ ባስዉድ በሜትር ኩብ 415 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ፓውሎኒያ የተባለው እንጨት ደግሞ 280 አካባቢ። ፓውሎኒያ ትከሻን ያሳርፋል፤ ግን ቦዲው ስለሚቀል ጊታሩን እንደለቀቁት ኔኩ ወደ መሬት ይወርዳል። ሰፊና የማያንሸራትት የቆዳ ማንገቻ ይረዳል።

ለስላሳ እንጨት ቪቲ አይዝም። ማንገቻ የሚንጠለጠልበት ቁልፍ መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ በድግስ መሃል ይወልቃል። ወፍራም ቪቲ ማስገባት ቀዳዳውን ማስፋት ብቻ ነው። ይልቅስ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ነክረው ቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው ይክተቱ፤ ትርፉን ከገጹ እኩል ቆርጠው 24 ሰዓት ያድርቁ። ከዚያ የቀድሞውን ቪቲ ሳሙና ቀብተው በእጅ ያጥብቁ። በትራፓኖ አይሞክሩት፣ እንደገና ይበላዋል። ብሪጁ ሁለት ምሰሶ ያለው ትሬሞሎ (ድምፁን ለማወዛወዝ በዘንግ የሚነቃነቅ ብሪጅ) ከሆነ ምሰሶዎቹ ወደ ክሮቹ ማዘንበላቸውን ያስተውሉ። ካዘነበሉ ዘንጉ በተነካ ቁጥር ቅኝቱ ይሸሻል፤ ይህ የስቴኪኒ ሥራ አይደለም፣ ቀዳዳው በጠንካራ እንጨት ተደፍኖ እንደገና መበሳት አለበት።

«ከቁርጥራጭ የተጣበቀ ቦዲ ደካማ ነው»

በደንብ የተጣበቀ መገጣጠሚያ ከእንጨቱ በፊት አይለቅም። ሊፈራ የሚገባው ኮምፔርሳቶ ነው፤ በጎኑ የገባ ቪቲ ንብርብሮቹን ይሰነጥቃል። ከላይ በወፍራም ቀለም ስለሚሸፈን አይታወቅም። ሻጩ ከፈቀደ የጀርባውን የፕላስቲክ ክዳን ፈተው ጉድጓዱ ውስጥ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ሳስቶ ካለ ንብርብሩ እንደ ኬክ ይታያል።

«ማሆጋኒ ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ማሆጋኒ ነው»

ናቶና ሜራንቲ የተባሉ ሌሎች እንጨቶችም በዚህ ስም ይሸጣሉ። መጥፎ አይደሉም፣ ለስሙ ብቻ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

«ፍሬቱ እጅ የሚቧጭረው ቦዲው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ቦዲው እዚህ ውስጥ የለበትም። እርጥበት ባለበት አገር የተሠራ ጊታር አዲስ አበባ ገብቶ በጋው ሲጠና የኔኩ እንጨት ይሰበሰባል፤ የፍሬቱ ብረት ግን ባለበት ይቀራል፣ ጫፉም ከጠርዙ ይወጣል። እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ጫፎቹን በደቃቅ ሞረድ በቀስታ ይሞርዱ። እንጨቱ መሰብሰቡን እንዲጨርስ አንድ ሁለት ወር መታገሥ ይሻላል፤ ከቸኮሉ በድጋሚ መሞረድ ይመጣል።