ወርቅን በሳያናይድ ማሟሟት ምንድን ነው?

«ሳያናይድ ወርቅ የሚያቀልጥ ኃይለኛ አሲድ ነው» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ወርቁ አልወጣ ካለ ሳያናይዱን ማጠንከር ነው» ብለው መከሩ። የመጀመሪያው ስህተት ሰው ይገድላል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ይበላል።

የሚቀልጥ ነገር የለም፤ በተፈጨ አለት ውስጥ ያለው ወርቅ ሳያናይድ (የካርቦንና የናይትሮጅን መርዛማ ውህድ) ባለበት ውኃ ይሟሟል እንጂ። ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይህ ሥራ ግን እሳት አይፈልግም። አሲድማ ከቶ አይደለም። የተፈጨው አለትና ውኃው ኖራ እየተጨመረበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ10 በላይ እንዲሆን ይደረጋል። ወደ 9 ከወረደ ከሳያናይዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃይድሮጂን ሳያናይድ ወደሚባለው ገዳይ ጋዝ ይለወጣል። አሲድ ጨምሮ «ሊያበረታው» የሚሞክር ሰው ወርቁን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያጠፋው።

አሁን ወደ ማጠንከሩ። ኦክስጅንን በር ከፋች፣ ሳያናይድን አጃቢ አድርገን እንያቸው። ኦክስጅን ከወርቁ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ሲወስድ በሩ ይከፈታል፤ ወዲያው ሁለት ሳያናይዶች አቶሙን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ውኃው ያወጡታል። በር ከፋቹ ጥቂት ሆኖ ሳለ ደጅ ላይ ሺህ አጃቢ ቢኮለኮል ምን ይፈይዳል? አየር የሚነካው ውኃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከፍታ ቦታ ላይ ከዚያም ያንሳል። አለቱ ውስጥ ፒሮታይት የሚባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ካለ ይህችኑ ቀድሞ ይጨርሳታል። ወርቁ በፒራይት (ሌላ የብረትና የድኝ ማዕድን) ውስጥ የታጠረ ከሆነ ደግሞ በሩ ራሱ የለም፤ አስቀድሞ አለቱን መጥበስ፣ በከፍተኛ ግፊት ከኦክስጅን ጋር ማዋሃድ ወይም በባክቴሪያ ማስበላት ግድ ይላል። አለቱ የተፈጥሮ ካርቦን ካለበትም ታጅቦ የወጣው ወርቅ መንገድ ላይ በካርቦኑ ይነጠቃል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኬሚስቱ ኤልስነር የኦክስጅንን ሚና የጻፈው በ1846 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሌላው ኬሚስት ማክአርተርና አብረውት የሠሩት የፎረስት ወንድማማቾች ዘዴውን ለኢንዱስትሪ ያበቁት በ1887 እ.ኤ.አ. ነው።

ለፍትሕ ያህል፦ የብር ሰልፋይድ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ብር የበዛበት አለት ጠንከር ያለ ሳያናይድ ይፈልጋል፤ አንዳንድ የመዳብ ማዕድናትም ሳያናይዱን ይሻሙታል። ያን ጊዜ መጨመር ተገቢ ነው። ከፈሳሹ ወርቁን በከሰል ወይም በዚንክ መልሶ መያዙ ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ መካሪዬ፣ በርሜሉን ከመክፈትዎ በፊት የኦክስጅን መለኪያው ስንት ያነባል?