«ሰላም በል እንጂ!»፦ ስለ ኦቲዝም ደሴ ላይ የሚባለውና እውነታው

ደሴ ላይ ሰው የሚለካው በሰላምታው ነው። ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ እስክትደርስ ስንቱን ታቅፋለህ፣ የስንቱን ቤተሰብ ደህንነት ትጠይቃለህ። ኦቲዝም ላለበት ለእህቴ ልጅ ግን ይህ መንገድ ፈተና ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን ይዘን ስንወጣ የምንሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሰላም አይልም፤ አሳዳጊ የበደለው ነው»

ስድነት አይደለም። ኦቲዝም ማለት አንጎል ከመነሻው በተለየ መንገድ ሲያድግ ነው። ድምፅ፣ ሽታና ንክኪ ከሌላው ሰው በላይ የሚሰማቸው ብዙ ናቸው። ድንገት ተስቦ ጉንጩን ሲሳም እሱ የሚሰማው ፍቅሩ ሳይሆን ድንጋጤው ነው። መፍትሔውን ያገኘነው እዚሁ ሰፈራችን ነው፦ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት። ሙስሊም እህቶቻችን ወንድን እንዲህ ሰላም ሲሉ ማን ይቀየማል? ለልጁም ያው ይሁንለት። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ተለማመደ፣ ቀጥሎ ከአያቱ፣ ከዚያ ከባለሱቁ። ሦስት ወር ፈጀ።

«ዓይኔን እያየ ያውራ»

ይቺን ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኛን «ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥጥ» ብለው አይደል ያሳደጉን? ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ዓይናቸውን ዞር ሲያደርጉ ይበልጥ እንደሚያዳምጡ ይናገራሉ። አታስገድዱት።

«የእናቱ ጥፋት ነው»

ፈረንጅም ይህን ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኦቲዝምን ፍቅር የነፈጉ እናቶች ያመጡታል ይባል ነበር፤ ውድቅ ሆኗል። ትልቁ ድርሻ የጂን ነው። (ይሄም «ዘራቸው ነው» ተብሎ ለሐሜት አይዋል!) አብሽሪ እህቴ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ትምህርቱ ብቻ አይቋረጥ።

«ልጆች መሃል ልቀቁት፣ ራሱ ይለምዳል»

ሌላው ልጅ አይቶ የሚለቅመውን ለእሱ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፦ ተራ መጠበቅ፣ «ልጫወት?» ብሎ መጠየቅ፣ ሲሸነፉ አለመጣላት። በአንድ ጓደኛ፣ በአጭር ጨዋታ፣ በሚወደው ነገር ጀምሩ። የኛው ልጅ የባጃጅ ታርጋ በቃሉ ይይዛል። ከጎረቤት ልጅ ጋር በር ላይ ተቀምጠው ቀጥሎ የሚመጣውን ባጃጅ ቁጥር ይገምታሉ። ተራ መጠበቅን የተማረው እዚያ ነው።

«አዲስ አበባ ካልሄደ ዋጋ የለውም»

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው መንገድ ጠርገዋል። ልጁ የሚውለው ግን ቤቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው፣ አገራችንም የተሞከረው ሥልጠና ዋና ሥራው ጨዋታን፣ ምግብን፣ ልብስ መልበስን መማሪያ ማድረግ ነው።

«ካደገ በኋላ አለቀ»

አዋቂም ይማራል። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ ሊነገረው ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው መስሎ መዋል ግን ያደክማል፣ ጭንቀትም ያመጣል። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ እኛም እነሱን ማንበብ ያቅተናል። ስለዚህ ቅሬውም (ዕድሩም) ይማር። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ሰው «ምነው አይናገርም?» ከማለት፣ ወንበር ሲደረደር ጥሩት። መጥቷል እኮ።