ባዶ እግር ወይስ ወፍራም ሶል? ስለ ሩጫ ጫማ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ስለ ጫማ አስተያየት አያጣም። አንዱ «ጉልበትህን የሚያድንልህ ስፖንጁ ነው፣ ብር አትሰስት» ይላል። ሌላው «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው!» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱም ጋ ስህተት አለ።

«አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው»

ስለ ድህነታችን ለማውራት የሚመች ታሪክ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ጫማ ነበር። ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ ግን አልተስማማውም፣ እግሩ ውሃ ቋጠረ። አዲስ ጫማ አድርጎ ሰርግ የሄደ ሰው ይሄን ስቃይ ያውቀዋል፤ እሱ ደግሞ የሚጠብቀው 42 ኪሎ ሜትር ነበር። በባዶ እግር መሮጥ ለእሱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ያለ ጫማ ተሰለፈ። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ እዚህ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። «አየህ፣ ጫማ ያፈጥናል» ለማለት አትቸኩሉ። መንገዱም ሌላ፣ ዓመቱም ሌላ ነው። ብቻ የባዶ እግር ደጋፊዎች ቶኪዮን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

«በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው ተረከዙን አያስነካም»

ወሬው የተስፋፋው በ2010 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ካወጡት ጥናት በኋላ ነው። ከልጅነታቸው በባዶ እግር የለመዱ የኬንያ ሯጮች ብዙ ጊዜ በፊተኛው የእግራቸው ክፍል ያርፋሉ፤ መሬት ሲረግጡ የሚመጣው ድንገተኛ ምትም ይቀንሳል ይላል። ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነው። ሰዎች ግን «የሰው ልጅ የተፈጠረው እንዲህ ሊሮጥ ነው» ብለው አጋነኑት።

በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ ቡድን ሰሜን ኬንያ ሄዶ ዳሰነቾችን አስሮጠ። ዳሰነቾች የኛም ሰዎች ናቸው፤ ታችኛው ኦሞ ላይ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ። ጫማ የማያዘወትሩ ሰዎች ናቸው። በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶው በተረከዛቸው አረፉ! ሲፈጥኑ ነው ወደ ፊት የሚያዘነብሉት። ስለዚህ አረጋገጡን የሚወስነው የጫማ መኖር አለመኖር ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም፣ ልምዱም አለበት።

«ወፍራም ስፖንጅ ከጉዳት ያድናል»

ሰውነታችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችሁ ሁለትና ሦስት እጥፍ ኃይል ይቀበላል። ስፖንጁ ይሄን አያጠፋውም። በተረከዝ ስታርፉ ጉልበት ላይ ይበረታል፤ በፊት እግር ስታርፉ ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ። ሸክሙ ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላ ትከሻ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በፊት እግሩ መሮጥ ሲጀምር እፎይ ሊል ይችላል፤ ባቱ ደካማ የሆነው ደግሞ በሳምንቱ ያነክሳል።

«ባዶ እግር ቀላል ነው፣ ጉልበት ይቆጥባል»

ግማሹ እውነት ነው። በእያንዳንዱ እግር 100 ግራም ሲጨመር የምንፈጀው ኦክስጅን በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነገር ግን ስፖንጅ ከሌለ ምቱን የማለዘቡን ሥራ ጡንቻ ይወስደዋል፣ ጡንቻ ደግሞ በነፃ አይሠራም። በመጨረሻ ባዶ እግር ከቀላል ጫማ የሚሻልበት ነገር አልተገኘም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ማራቶን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ነው። ሶሉ ግን ወፍራም ነው።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አወልቀዋለሁ»

እኔም ብዬው ነበር። ጃንሜዳ ሣሩ ላይ ጫማዬን በእጄ ይዤ አርባ ደቂቃ ሮጥኩ፤ ደስ ሲል! በማግስቱ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በጎን በኩል፣ ብረቱን ይዤ እንደ ሽማግሌ ወረድኩ። ባቴ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

እኔ በባት ሕመም ተገላገልኩ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸው ሯጮችን በአሥር ሳምንት ውስጥ ቀጭን፣ ጣት ጣት ወዳለው ጫማ አሸጋገራቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግራቸው አጥንት ውስጥ እብጠት ታየ። ያንኑ ዓይነት ጫማ የሚሸጠው ቫይብራም የተባለው ኩባንያም ስለ ጤና ጥቅሙ በቂ ማስረጃ የለህም ተብሎ ተከሶ በ2014 እ.ኤ.አ. በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፤ አጥንትና ጅማት ግን ቀስ ይላሉ፣ ወራት ይፈልጋሉ።

«እግሩ የደነደነ ሰው ጫማ ምን ያደርግለታል?»

ይሄኛው ከሩጫ ይሰፋል፤ ሳልነካው ማለፍ ግን አልፈለግሁም። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ጎጃምም ይሁን ወላይታ፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚያርስ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ደቃቅ የአፈር ብናኝ በቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያቆስላል፤ እግር ቀስ በቀስ ያብጣል። በሀገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። የደነደነ ቆዳ አያስጥለውም፤ ሲሰነጠቅ እንዲያውም በር ይከፍታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የታመመው ግን ከሰርግም ከለቅሶም ሲገለል ይኖራል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው።

በሳምንት አንድ ሁለቴ ንጹሕ ሣር ላይ ለአምስት ደቂቃ ጫማ አውልቆ ሶምሶማ መሮጥ ሌላ ነገር ነው፤ እኔም አሁን የማደርገው ይሄንኑ ነው። ስትጨርሱ እግራችሁን ታጠቡ።