ኢራስ ምንድን ነው? ማባረር አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው «ኢራስ ማለት በሽተኛን ቁስሉ ሳይደርቅ ወደ ቤት መሸኘት ነው፤ አልጋ ለማስለቀቅ የመጣ ዘዴ» ብሎ ጻፈ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ወንድሜ፣ መጨረሻውን ብቻ አይተህ ፈረድክ። ኢራስ በሽተኛው ከኦፕራሲዮን ቶሎ እንዲያገግም ከኦፕራሲዮኑ በፊት፣ በጊዜውና በኋላ የሚደረግ ዝግጅትና እንክብካቤ ነው።

ደሴ ላይ ሰመመን ሰጪ ነኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ይገባዋል ብዬ ልንገርህ። ኮምቦልቻ በሰላም የሚገባው ሹፌር ደሴ ላይ ፍሬኑን ያየና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የያዘው ነው። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የወረደው ጎማው ሲጨስ መንገድ ዳር ታገኘዋለህ። ኦፕራሲዮንም እንዲሁ ነው፤ ማገገሙ የሚጀምረው ከዝግጅቱ ነው።

የኢራስን ሐሳብ የጠነሰሰው የዴንማርኩ ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተነሣው፣ ኦፕራሲዮን ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጫና ከመቀነስ ነው። ቶሎ መውጣት ከዚያ የሚመጣ ነው።

ለምሳሌ የአድሬናል ዕጢን ኦፕራሲዮን ውሰድ። ከኩላሊት በላይ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ በላፓራስኮፒ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ትወጣለች። «ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው» ይባላል። በዚችው ዕጢ ላይ የሚበቅለው ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው እባጭ ግን ሲነካ የደም ግፊቱን ሰማይ ያደርሰዋል። ስለዚህ አልፋን የሚያግድ፣ የደም ሥርን የሚያላላ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ፈሳሽና ጨውም ይጨመራል። «ጨው ተው» ሲባል የኖረ የግፊት ታማሚ «ጨምር» ሲባል ዓይኑን ያፈጣል። ቤታን የሚያግደው፣ የልብ ምትን የሚያረጋጋው መድኃኒት መቅደም የለበትም፤ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን መርገጥ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ቶሎ ለማገገም መጀመሪያ እስከ 2 ሳምንት መጠበቅ!

ከኦፕራሲዮን በፊት የሚጾመው ጾምም እንዲሁ ነው። ለሌላ ኦፕራሲዮን የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም» አሉኝ፣ ኮራ ብለው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውኃና ወተት የሌለው ሻይ እኮ ሰመመኑ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል፤ ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት እስኪቀረው። አጥሚት ግን ውኃ አይደለም፣ ምግብ ነው! የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ሆዱ ቶሎ የማይፈጭለት በሽተኛ ለብቻው ይታያል። (ሙያዬ አስቀባጠረኝ።)

ፊዮክሮሞሳይቶማው ከወጣ በኋላ የደም ግፊትም የደም ስኳርም ሊወርዱ ስለሚችሉ ዓይናችንን አንነቅልም። ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን ታበዛ የነበረች ዕጢ ከወጣች ደግሞ በሌላው ኩላሊት ላይ ያለችው ዕጢ ተኝታ ስለከረመች ቶሎ አትነቃም፤ በሽተኛው ኮርቲዞልን የሚተካ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያስፈልገዋል። እና በበሩ ከመውጣቱ በፊት ኪኒኑን መያዙን እንጠይቀዋለን፣ አስታማሚውንም ጭምር።