ጭላዳ በክብና በሞላላ፦ የካርቱን እንስሳ የቬክተር አሣሣል

የካርቱን እንስሳን በቬክተር መሣል ማለት እንስሳውን ከክብ፣ ከሞላላ፣ ከሦስት ማዕዘንና በእጅ ከተስተካከሉ ኩርባዎች መገንባት ነው። ብሩሽ የለም፣ የሚፈስ ቀለምም የለም። ኮምፒውተሩ የሚይዘው እያንዳንዱ ቅርጽ የት እንደሚጀምር፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍና ምን ከለር እንደሚሞላው ብቻ ነው። በልጆች መጽሐፍ፣ በስቲከር፣ በሎጎና በኢሞጂ የምናያቸው ጥንቸሎች፣ ወፎችና አንበሶች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ፎቶ ከዚህ ይለያል። ፎቶ የፒክስል፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከለር ያላቸው ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ስብስብ ነው። ሲያጎሉት ጠርዙ ይሻክራል። ቬክተር ሲጎላ ግን ኮምፒውተሩ ስሌቱን እንደ አዲስ ሠርቶ መስመሩን በአዲሱ መጠን ያወጣዋል። ለቢዝነስ ካርድ የተሣለ እንስሳ ምንም ሳይደበዝዝ ሕንጻ ላይ የሚሰቀል ባነር ይወጣዋል።

የፋይሉን ውስጥ ከፍቶ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኤስቪጂ የሚባለው የቬክተር ፋይል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የድረ ገጽ መደበኛ ፎርማት ሲሆን፣ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ የእንስሳ ዓይን እዚያ ውስጥ የሚቀመጠው ክብ መሆኑን፣ መሃሉ ከግራ 120 ከላይ 80 ላይ መሆኑን፣ ራዲየሱ 14፣ ሙሌቱም ጥቁር መሆኑን በሚናገር አንድ መስመር ነው። 14ን አጥፍተን 20 ብንጽፍ እንስሳው ዓይኑን ያፈጣል።

ኩርባው ከየት መጣ

ቀጥ ላለ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃዋል። እንስሳ ግን ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ጀርባውም፣ ጉንጩም፣ ጅራቱም ኩርባ ነው። ኩርባን በጥቂት ቁጥር መያዝ ያስቻለው ሒሳብ የተገኘው ሠዓሊዎች ዘንድ ሳይሆን የፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ሲትሮየን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስቴልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 መፍትሔውን አገኘ። ድርጅቱ ግን ለዓመታት ምስጢር አድርጎ ያዘው። በ1960ዎቹ የሬኖ መሐንዲስ የነበረው ፒየር ቤዚየ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ሥራውን አሳተመ። ስለዚህ ኩርባው እስከ ዛሬ የሚጠራው በቤዚየ ስም ነው። በደ ካስቴልዦ ስም የሚጠራው ደግሞ ኩርባው የሚወጣበት የስሌት ዘዴ ነው። ዘዴው በጣም ውብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አራት ነጥብ እንውሰድ። ሁለቱ የመስመሩ ጫፎች ናቸው። ሁለቱ እጀታዎች ናቸው፤ መስመሩ ወደ እነሱ ይሳባል እንጂ አይነካቸውም። አራቱን በተራ እናገናኝና የእያንዳንዱን መስመር እኩሌታ ምልክት እናድርግ። ሦስት ነጥብ እናገኛለን። ሦስቱን አገናኝተን እኩሌታቸውን ስንወስድ ሁለት ይሆናሉ። የሁለቱ እኩሌታ አንድ ነጥብ ነው፤ ያ ነጥብ ትክክል ኩርባው ላይ ያርፋል። በእኩሌታው ፈንታ ሩቡን ወይም ሲሶውን ብንወስድ ሌላ የኩርባው ነጥብ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን እየደጋገመ ነው መስመሩን የሚያወጣው። እርሳስና ማስመሪያ ያለው ተማሪም ደብተሩ ላይ ሊሞክረው ይችላል። አንዴ የሞከረ ሰው ፔን ቱል (ነጥብና እጀታ እያስቀመጡ መስመር የሚሠሩበት የሶፍትዌር መሣሪያ) ላይ እነዚያ እጀታዎች ለምን እንደሚንቀሳቀሱ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህ ዓይነቱ ኩርባ ፍጹም ክብ መሥራት አለመቻሉ ይገርማል። ክብ የሚመስለው አራት ኩርባ ተገጣጥሞ ነው። ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው ግን ከራዲየሱ 0.03 በመቶ ለማይሞላ ያህል ስለሆነ ዓይን አይለየውም።

አሁን እያነበብን ያለነው የግዕዝ ፊደልም በዚሁ ሒሳብ የተሠራ ነው። የፊደሎቹ ቅርጽ ፎንቱ ውስጥ የተቀመጠው በነጥብና በእጀታ ነው። ስልክ ላይ «ሀ»ን የቱንም ያህል ብናጎላት ጠርዟ የማይሻክረው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሮቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በቀጥታ ቅርጽ መሣል የቻለው ቀዳሚው ፕሮግራም አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 ያቀረበው ስኬችፓድ ነው። አዶቤ ኢለስትሬተር በ1987 ለማኪንቶሽ ወጣ፤ ኮረል ድሮው በ1989 ተከተለ። በ2003 የተጀመረው ኢንክስኬፕ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ፈቃድ መግዛት ለማይችል ተማሪ ከኢንክስኬፕ የተሻለ መነሻ አላውቅም። የካርቱን እንስሳ ለመሣል የሚጎድለው ነገር የለም።

ለምን ክብ ይበዛል

የካርቱን እንስሳ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዓይኑ ሰፊ፣ ግንባሩ ጎላ ያለ፣ ሰውነቱ ድቡልቡል ነው። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎረንዝ በ1943 እነዚህ የሕፃን መልክ ምልክቶች ሰው ውስጥ የመንከባከብ ስሜት እንደሚቀሰቅሱ ጽፎ ነበር። ካርቱን ሠሪዎች በልምድ ደርሰውበት የነበረ ነገር ነው። ክብ ደግሞ ለሥራውም ይመቻል። ከየትኛውም አቅጣጫ ክብ ነው፤ በእጅ በሚሠራ አኒሜሽን ዘመን አንድን ገጸ ባሕርይ ብዙ ሺህ ጊዜ ሳይዛነፍ ደጋግሞ ለመሣል ይረዳ ነበር።

በክብ ብቻ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል ከትዊተር ወፍ በላይ የሚያሳይ የለም። በ2012 የወጣው ሰማያዊ ወፍ ክንፉም፣ ደረቱም፣ ምንቃሩም የተቆረጠው ከተደራረቡ ክቦች ነው። በ2023 በኤክስ ምልክት እስኪተካ ድረስ በዓለም ላይ በጣም ከታወቁ የእንስሳ ቅርጾች አንዱ ነበር።

ጭላዳውን መገንባት

ለምሳሌ ጭላዳን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የድመትና የጥንቸል ዝግጁ ቅርጽ በየቦታው ሞልቷል። ጭላዳ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይኖርም፤ ኢሞጂም የለውም። ስለዚህ ሠዓሊው ከሌላ ሥዕል ከመቅዳት ይልቅ እንስሳውን ራሱን ማየት አለበት፤ የቬክተር ሥራ ግማሹ ደግሞ ይህ ነው። የትኞቹ አምስት ወይም ስድስት ቅርጾች ሲቀሩ እንስሳው እንስሳነቱን እንደሚያጣ መለየት ያስፈልጋል።

ሰሜን ተራሮች ወይም መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ቂጡ ላይ ተቀምጦ ሣር በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ መሃሉ ጠበብ፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ። ወንዱ እስከ ወገቡ የሚወርድ ጎፈር አለው። ፊቱ ጥቁር፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ የዓይኑ ቆብ ነጣ ያለ ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ጉንጉን ጸጉር አለው። ሥዕሉም ከዚህ የዘለለ አያስፈልገውም።

ሥራው የሚጀመረው ከሰውነቱ ነው። አንድ ሞላላ እንሠራና ወደ መስመር እንቀይረዋለን፤ በዚህ ጊዜ አራት ነጥቦች ይታያሉ። የላይኛውን ነጥብ እጀታዎች ስናሳጥር ሞላላው ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ ይልና የተቀመጠ እንስሳ ይሆናል። ጭንቅላቱ ክብ ነው። ክቡ ሞላላ እንዳይሆን ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል፣ ኢለስትሬተር ላይ ሺፍት ተጭኖ መጎተት ነው። ለልጆች ከሆነ ጭንቅላቱ የጠቅላላ ቁመቱን ሲሶ ያህል ቢይዝ ደስ ይላል።

ጎፈሩን ጸጉር በጸጉር መሣል ድካም ነው። የኮከብ መሣሪያውን ወስደን ጫፎቹን ሃያ ገደማ እናደርጋለን፣ ጥልቀታቸውን እንቀንሳለን፣ ጫፎቹን በትንሹ እናደበድባለን። ኢንክስኬፕ ላይ ጫፎቹን የሚያዛባ ማስተካከያ አለ፤ ጥቂት ከተነካ ኮከቡ የማሽን ሥራ መምሰሉን ያቆማል። ከዚያ ወደ ታች ተስቦ ከጭንቅላቱ ኋላ ይገባል።

ፊቱ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ለዓይኖቹ አካባቢ ክብ፣ ከሥሩ ለአፍንጫና ለአፉ አግድም ሞላላ እናደርግና ሁለቱን አዋህዱ የሚለውን ትእዛዝ እንሰጣለን። ሁለቱ ቅርጾች በተገናኙበት ቦታ ግራና ቀኝ ሥርጉድ ይቀራል። ያ ሥርጉድ የጭላዳ ጉንጭ ነው፤ ለብቻው መሣል አላስፈለገውም።

ደረቱም እንደዚሁ ቀላል ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ ቀይ ሞላላ ወደ መስመር ይቀየርና የግራውና የቀኙ ነጥብ ወደ መሃል ይገፋሉ። ላይና ታች ያሉት ሰፍተው ይቀራሉ፣ መሃሉ ይጠባል። አራት ነጥብ፣ ሁለት እንቅስቃሴ፤ ማንም አይቶ የሚያውቀው የጭላዳ ደረት ወጣ። ሴቷን ለመሣል ከፈለግን ጎፈሩን ትተን በቀዩ ቆዳ ዙሪያ ትንንሽ ክቦችን እንደረድራለን፤ እውነተኛዋ ጭላዳም እዚያ ላይ ጨሌ የሚመስሉ እባጮች አሏት።

ዓይን ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። ግማሽ ፊት ሠርቶ ሌላውን በመስታወት መገልበጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን የብርሃን ነጥቧም አብራ ትገለበጣለች። ብርሃን የሚመጣው ከአንድ ወገን ስለሆነ ነጯ ነጥብ በሁለቱም ዓይን በአንድ ጎን መሆን አለባት። አለዚያ እንስሳው የደነገጠ ይመስላል። ነጣ ያለውን የዓይን ቆብ ለማውጣት የዓይኑን ክብ አባዝተን የታችኛውን ግማሽ በአራት ማዕዘን ቆርጠን መጣል ይበቃል።

የቅርጾቹ መደራረብ እንደ ተቆራረጠ ወረቀት ነው፤ ላይ ያለው ታች ያለውን ይሸፍናል። ጅራቱ ከሁሉም ኋላ፣ ከዚያ ሰውነቱ፣ ጎፈሩ፣ የደረቱ ቅላት፣ ጭንቅላቱ፣ በመጨረሻ ሣር የያዘው እጅ ይመጣሉ። ዓይን፣ ቆብና ብርሃን አንድ ግሩፕ ከሆኑ በኋላ መነካካት ቀላል ይሆናል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ፈተና አለ። ኮፒ አድርጎ ሁሉንም ጥቁር መቀባት። ዝርዝሩ ሲጠፋ በጥላው ብቻ እንስሳው ይታወቃል? ለጭላዳ ፈተናው ከባድ ነው፣ ቀዩ ደረት ይጠፋልና። ያን ጊዜ የሚያድኑት የጎፈሩ ስፋት፣ አቀማመጡና የጅራቱ ጉንጉን ናቸው። እነዚህ ደካማ ከሆኑ ከለር አያስተካክላቸውም።

ነጥብ ማነስ አለበት

ጥሩ የቬክተር ሥዕል የሚታወቀው በነጥቦቹ ማነስ ነው። አንድ ኩርባ ላይ ነጥብ የሚቀመጠው ኩርባው አቅጣጫ በሚለውጥበትና በላይ፣ በታች፣ በግራ፣ በቀኝ ጫፉ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረ ነጥብ ሁሉ መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል። ለዚህ ነው ፎቶን በራሱ ወደ ቬክተር የሚቀይረውን ትእዛዝ ለካርቱን የማልመክረው። ለጸጉራም እንስሳ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ያወጣል፤ ጭላዳው ጆሮውን እንዲያነሳ ሲፈለግ ጆሮ የሚባል ቅርጽ የለም፣ ያለው የከለር ቁርጥራጭ ነው።

ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ምላጩ የሚሄደው በመስመሩ ላይ ነው። በአራት ነጥብ የተሠራ ደረትን በአንድ ለስላሳ ጉዞ ይቆርጠዋል፤ ነጥብ የበዛበት ላይ ግን እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል።

ለማተሚያ ቤት ፋይል ሲላክ ሁለት ነገር መርሳት የለብንም። ሥዕሉ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ወደ ቅርጽ መቀየር አለበት፤ ፎንቱ እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ወደ ሌላ ይቀየራል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል። የሚስተካከለውን ቅጂ ደግሞ ለብቻ ማስቀመጥ ነው፤ አንዴ ቅርጽ የሆነ ፊደል ተመልሶ አይተየብም። ሁለተኛው ከለር ነው። ስክሪን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣውን ድምቀት የማተሚያ ቀለም ሁሉንም አይደርስበትም። የደረቱ ቀይ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ሊል ስለሚችል በትንሹ አሳትሞ ማየት ይሻላል።

ሲንቀሳቀስ

በቅርጽ የተሠራ እንስሳ ለአኒሜሽን ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል። ከ1996 ጀምሮ ብዙ ካርቱን የተሠራበት ፍላሽ የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር መሠረቱ ቬክተር ነበር። አዶቤ ድጋፉን በ2020 መጨረሻ ቢያቆምም አሠራሩ በሌሎች ሶፍትዌሮች ቀጥሏል። እንስሳው በየፍሬሙ እንደ አዲስ አይሣልም፤ ክንዱ፣ ጭንቅላቱና ጅራቱ ተለያይተው በየመገጣጠሚያቸው ይዞራሉ። ለዚህ የክንዱ ትከሻ በኩል ያለው ጫፍ ክብ ሆኖ ማለቅ አለበት፤ መዞሪያውም በዚያ ክብ መሃል ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ከተደረገ ክንዱ የፈለገውን ያህል ቢዞር ትከሻው ላይ ክፍተት አይታይም።

ጭላዳ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። ይህን ለማሳየት መሃል ላይ ያሉትን እንቅስቃሴዎች መሣል አያስፈልግም። የተዘጋ አፍ በአንድ ሌየር (ለብቻው በሚበራና በሚጠፋ ንብርብር)፣ የተገለበጠ ከንፈር በሌላ ሌየር ይዘጋጃል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ጭላዳም የሚያደርገው በቅጽበት ስለሆነ ሁለት ሥዕል ይበቃል።